ከመለከቱ በፊት መምህሩ

ስለ ሙዚቃ ትምህርት በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚሰማው እሮሮ የመሣሪያ እጥረት ነው። መለከት የለም፣ ክላሪኔት የለም፣ ከበሮው ተቀዷል፣ ፒያኖው ተበላሽቷል ይባላል። እሮሮው መሠረት የለውም ለማለት አይደለም። ሆኖም ይህ ጸሐፊ በጅቡቲ ከተማ በቆየባቸው ዓመታት በዓይኑ ያየው ከዚህ የተለየ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ተከፍቶ ውስጡን የማየት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። በጎ አድራጊዎች ከባሕር ማዶ የላኳቸው መለከቶችና ትሮምቦኖች በሣጥናቸው እንዳሉ ተደርድረዋል። የባሕሩ ጨዋማ አየር ገብቶባቸው አረንጓዴ ዝገት አብቅለዋል፤ ጣት የሚያርፍባቸው ቁልፎች ወርደው መመለስ አቅቷቸዋል። ቆጥሬ ብመለከት መሣሪያዎቹ አንድን ክፍል ሙሉ ተማሪ ያስታጥቁ ነበር። የጎደለው አስተማሪው ነው። ለአንድ ዓመት በውል መጥቶ አስተምሮ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሻንጣውን ይዞ ሄዷል። ልጆቹም በማግሥቱ ወደ ኳሳቸው ተመለሱ።

ነገሩ ይበልጥ የሚያስቆጨው በጅቡቲ መሆኑ ነው። ምክንያቱም የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ትምህርት ታሪክ ከዚህች ወደብ ጋር የተያያዘ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ፣ በአርመን ገዳም የሚያድጉ፣ ወላጆቻቸውን በ1915 በጀመረው እልቂት ያጡ ወጣቶች በትንፋሽ መሣሪያ ሰልፈኛ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ። ባንዱ ስለማረካቸው ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረው አርባዎቹን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ተስማሙ። ወጣቶቹ በባሕር መጥተው ጅቡቲ ወረዱ። የዚያን ጊዜው ባቡር ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 784 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ፣ ሌሊቱን በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ፣ ሦስት ቀን ይፈጅበት ነበር። ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ሕዝቡም «አርባ ልጆች» ብሎ ሰየማቸው።

ታሪኩ እስከዚህ ድረስ በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ በየጊዜውም ይነገራል። የሚዘነጋው ቀጣዩ ክፍል ነው። አርባዎቹ ልጆች ለዘለዓለም አርባ ሆነው አልቆዩም። ጊዜ አለፈ፤ አንዱ ወደ ንግድ፣ ሌላው ወደ ሌላ አገር እያለ ተበታተኑ። ከእነርሱ ጋር የመጣው የባንዱ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ግን ቀረ። ለዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም ዜማ አበጅቶ፣ በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ጊዜ የተሰማውንና እስከ ንጉሡ ዘመን ፍጻሜ የዘለቀውን ብሔራዊ መዝሙር ያቀናበረ እርሱ ነው። ነገር ግን ከመዝሙሩ የሚበልጥ ሥራ የሠራው በመማሪያ ክፍል ነው እላለሁ። ለአገሩ ልጆች ኖታ አስተማረ፤ መሣሪያ እንዴት እንደሚያዝ አሳየ። በኋላም የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን መጥቶ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ መራ፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር አገለገለ፤ የፖሊስ ኦርኬስትራን አሠለጠነ፤ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተማረ። ነርሲስ የአገሩን ዜማ በምዕራባውያን ቅንብር ለብዙ መሣሪያ ሲያዘጋጅ ዜማውን አልሰረዘውም። እስከ 1977፣ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እዚያው ነበረ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ከመጡት አርባ መሣሪያዎች ዛሬ አንዳቸው እንኳ ይነፋ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። የቆየው የመምህሩ ሥራ ነው፤ የቆየበትም ምክንያት መምህሩ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ቤት ያለው፣ በዚያች ከተማ የሚያረጅ ሰው ስለ ነበረ ነው።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በወታደራዊው መንግሥት ዘመን በኢትዮጵያ በየቀበሌው፣ በየከፍተኛውና በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ነበር። የዚያን ዘመን ሰው ስለ ኪነት ሲያወራ ይስቃል ወይም ይናደዳል፤ ለሁለቱም ምክንያት አለው። ፍርደ ገምድል ላለመሆን ግን አንድ እውነት መነገር አለበት። ከዚያ በፊት ጊታር ወይም ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ የድኻ ልጅ በቀበሌው አዳራሽ መሣሪያ የመንካት ዕድል አግኝቷል፤ በኋላ አገር ያወቃቸው ብዙ ድምፃውያንም የመጀመሪያውን ማይክሮፎን የጨበጡት እዚያ ነው። ታዲያ በ1991 መንግሥቱ ሲወድቅ ቡድኖቹ ወዲያው ፈረሱ። መሣሪያውን ያገኘ ወሰደው፤ አዳራሹ መጋዘን ሆነ። ቡድኑ የተቋቋመው ለበዓልና ለሰልፍ ስለ ነበረ፣ በዓሉ ሲቀር እርሱም ቀረ። አሥር ዓመት ከበሮ የመታው ልጅ፣ ለታናሽ ወንድሙ ከበሮ እንዲያስተምር የጠየቀው ሰው አልነበረም።

በጅቡቲም ይኸው መልክ ነበረ። አገሪቱ ሰኔ 27 ቀን 1977 ነፃነቷን ካገኘች በኋላ ሙዚቃን በመንግሥት እጅ አደረገች። መጋቢት 4 ቀን 1979 የተመሠረተው የገዢው ፓርቲ ቡድን በዚያው ቀን ስም «ካትር ማርስ» ተባለ። ዘፋኙና ተወዛዋዡ ተቆጥሮ አባላቱ አርባ ይደርሱ እንደ ነበር ይነገራል፤ እንደገና አርባ! ዛሬ ሥራቸው የሚገኘው በብሔራዊው ራዲዮና ቴሌቪዥን ቤተ መዝገብ ውስጥ ነው። ያ ቤተ መዝገብ በሺህ የሚቆጠሩ የሶማሊና የአፋር ዜማዎች በቴፕ ተጠብቀው የተቀመጡበት፣ በአካባቢያችን አቻው የማይገኝለት ሀብት ነው። ቴፑን ካዳኑት ሠራተኞች ብዙ አገሮች ሊማሩ ይገባቸዋል። ከዚሁ ከራዲዮው ቤት የወጣው ግሩፕ ኤርቴዴ የተባለው ቡድን፣ በሳክስፎን ተጫዋቹ በሞሐመድ ዐብዲ አልቶ መሪነት፣ በ2020 በባሕር ማዶ ባሳተመው ሸክላ ዓለም አድንቆታል። የቡድኑ አባላት ቀን ቀን በመንግሥት ሥነ ሥርዓት ላይ የሚጫወቱ ደመወዝተኞች ናቸው። በቡድኑ ውስጥ ካረጁት ጌቶች ጎን አስማ ዑመር የተባለች ወጣት ድምፃዊት ቆማ መዝፈኗ እጅግ ያስደስታል። ግን አንዲት ናት። ከሳክስፎኑ ጀርባ የሚጠብቀው ልጅ የት አለ?

በከተማዋ የጅቡቲ የኪነ ጥበባት ኢንስቲትዩት አለ፤ የሚያስተምሩትም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን በባልባላ ኮረብታ ላይ የሚኖር የዘጠኝ ዓመት ልጅ በየቀኑ ወደ መሐል ከተማ ወርዶ ይማራል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ልጁ ያለበት ሰፈር ድረስ የሚሄድ ትምህርት ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ የሚቻል መሆኑን ሌላዋ የወደብ ከተማ፣ የጃማይካዋ ኪንግስተን፣ ከመቶ ዓመት በላይ አሳይታለች። በዚያ በ1880 የተመሠረተው አልፋ የተባለው የወንዶች ልጆች ማደጊያ፣ አሳዳጊ ለሌላቸውና ለአስቸጋሪ ልጆች ከአናጢነትና ከኅትመት ሥራ ጋር የትንፋሽ ሙዚቃ ያስተምር ነበር። ከዚያ የወጡት ልጆች መጀመሪያ እንጀራቸውን ያገኙት በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ነው። በኋላም እነ ዶን ድራሞንድና ቶሚ ማኩክ በ1964 ስካታላይትስ የተባለውን ቡድን ከመሠረቱት መካከል ሆኑ። ሬጌን አጥብቆ የሚወደው የጅቡቲ ወጣት የሚሰማው ያ የነሐስ ድምፅ ሥሩ መነኮሳይያት ባሳደጓቸው የድኻ ልጆች እጅ ላይ ነው። የአልፋ ምሥጢር ምንድን ነው ቢባል፣ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ማስተማራቸውና ሲስተር ሜሪ ኢግናሺየስን የመሰለች አንዲት ሴት ዕድሜዋን እዚያው መፍጀቷ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ይህ ጸሐፊ የሙዚቃ ባለሙያ አይደለም፤ ነገር ግን ባለሙያዎችን ጠይቆ፣ የተሳካላቸውንና ያልተሳካላቸውን አይቶ፣ በጅቡቲ አየርና ኑሮ መዝኖ የደረሰበትን ይናገራል።

በመጀመሪያ ቁጥሩ ነው። መቶ ልጅ መዝግቦ መክፈቻውን በንግግር ማድመቅ የተለመደ ስሕተት ነው። በመቶ የተጀመረ በሦስተኛው ወር ሃያ ይቀረዋል፤ የቀሩት ሰማንያዎችም ሙዚቃ አይሆነኝም የሚል እምነት ይዘው ያድጋሉ። በዐሥራ አምስት ልጅ ይጀመር። ዕድሜያቸውም ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሁለት ቢሆን ይመረጣል፤ የፊት ጥርሱ ሳይጸና መለከት የሚነፋ ልጅ ከንፈሩን ያበላሻልና። ከእነዚህ መካከል ቢያንስ ስድስቱ ሴቶች ይሁኑ።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ጅቡቲን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከኢትዮጵያ በየቀኑ የሚጫነው ጫት ከቀትር በኋላ በሰባት ሰዓት ገደማ ሲደርስ ከተማው መልኩን ይለውጣል። ሱቁ ይዘጋል፤ ጎዳናው ባዶ ይሆናል፤ አዋቂው በየቤቱ ይቀመጣል። ልጁ ብቻውን የሚቀረው በእነዚያ ሰዓታት ነው። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ ፀሐዩ ውጪ አያስወጣም፤ አባቱን ማናገር አይቻልም። በዚያ ሰዓት በመጠነኛ ማራገቢያ የቀዘቀዘ አንድ ክፍል ቢከፈትለት ከየትም ሮጦ ይመጣል። ከዐሥር ሰዓት ተኩል፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት አራት ቀን ይበቃል። በሳምንት አንድ ቀን አራት ሰዓት ከማስተማር በአራት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ይሻላል፤ ከንፈርም ጣትም የሚለምደው በየቀኑ በመደጋገም ነው። ኸምሲን የተባለው ትኩስ ነፋስ በሚነፍስበት፣ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በበጋው ወራት ክፍሉ ይዘጋ። ዓመቱ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው።

ሦስተኛው መሣሪያው ነው፤ ሆን ብዬ ሦስተኛ አድርጌዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በድምፅ፣ በጭብጨባና በከበሮ ያልፋሉ። ልጁ ምቱን በእግሩ ሳይለይ፣ ዜማውን በአፉ ሳይዝ መለከት ቢሰጠው ጩኸት ብቻ ይሆናል። ሲሰጠውም ሁለት ሁለት ልጅ በአንድ መሣሪያ ይጀምር፤ አንዱ ሲነፋ ሌላው ይሰማል፤ መስማትም ትምህርት ነው። ክላሪኔት የሚገዛ ሰው የእንጨቱን ትቶ የፕላስቲኩን ይግዛ፤ ነፋሱ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። የነሐስ መሣሪያ በየዕለቱ ከውስጡ ውኃው ወጥቶ በጨርቅ ይወልወል፤ በየሳምንቱ ቁልፎቹ በዘይት ይታሹ፤ በወር አንድ ጊዜ በለብታ ውኃ ይታጠብ። ይህን ሥራ ዘበኛ ወይም ጽዳት ሠራተኛ አይሥራው፤ ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት። እያንዳንዱ መሣሪያ ቁጥር ይኑረው፤ ወደ ቤት ሲወጣ ወላጅ ይፈርም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ከላይ የነገርኳችሁ ግምጃ ቤት ውስጥ የዘገቡት መሣሪያዎች ግን የዘገቡት በጠላት እጅ አይደለም፤ የማን ኃላፊነት እንደ ሆኑ ስላልተጻፈ ነው።

ስለ ዜማው ምርጫ ክርክር ይነሣል። አንዱ የፈረንሳዮቹን መልመጃ መጽሐፍ፣ ሌላው የአገሩን ብቻ ይላል። ክርክሩ ከንቱ ነው። የሶማሊው ዜማ እንደ ኢትዮጵያው ሁሉ በአምስት ድምፅ የሚሄድ ነው። የሶማሊ፣ የአፋር፣ የዐረብና የሐበሻ ልጅ በአንድ ክፍል ቢቀመጡ በቋንቋ ባይግባቡም በእነዚያ አምስት ድምፆች ይግባባሉ። ኖታውን ከባሕር ማዶ ይማሩ፤ ዜማውን ከአያቶቻቸው ያምጡ። ባልዎ የተባለውን የሶማሊ ዘፈን ስልት በ1940ዎቹ የጀመረው ዐብዲ ሲኒሞ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ዛሬ በጋላፊና በደወሌ በኩል የሚመላለሱት ሾፌሮቻችን ይህን ቢያውቁ ደስ ይላቸው ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚከብደው የወላጅ ነገር ነው። በአንዱ የከተማው ሰፈር የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት፣ ልጇ ለሙዚቃ እንዲመዘገብ በተጠየቀች ጊዜ፣ «ልጄን አዝማሪ ልታደርጉብኝ ነው?» ስትል ሰምቻለሁ። ጎረቤቷ የሆነች ሶማሊት እናት ደግሞ ነገሩን ከሃይማኖት አንጻር ተመልክታ ሌሊቱን ስታስብበት አደረች። ሁለቱም ልጆቻቸውን የሚወዱ ናቸው፤ ሊሾፍባቸው አይገባም። ለእነዚህ እናቶች መልሱ ስብከት አይደለም። የሰፈር ሽማግሌዎች መጀመሪያ ይጠሩ፤ ክፍሉን ይዩ፤ በሩ ክፍት መሆኑን፣ ሰዓቱ ከሶላት ጋር የማይጋጭ መሆኑን፣ ልጁ የትምህርት ውጤቱ ከወደቀ መሣሪያውን የሚመልስ መሆኑን ይስሙ። ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ ልጆቹ በወላጆቻቸው ፊት ይጫወቱ። ለሃያ ደቂቃ ብቻ፤ ንግግርም አይኑርበት። ያቺ አዝማሪ የሚለውን ቃል የፈራች እናት፣ ልጇ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ተሰልፎ ባየች ዕለት ምን እንዳደረገች ብነግራችሁ ታስቁኛላችሁ፤ ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ እልል ያለች እርስዋ ናት።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? በዚህ በኩል የኪነት ቡድኖች ታሪክ ሊያስተምረን ይገባል። አንድ ትልቅ ደጋፊ ያለው ነገር ደጋፊው ሲያስነጥስ ይታመማል። ከየወላጁ በወር የምትሰበሰብ ጥቂት ፍራንክ፣ ከነጋዴው፣ ከማመላለሻ ድርጅቱ፣ ከኮሚኒቲው የምትጨመር ሌላ ጥቂት ይሻላል። የተሰበሰበውም ከሌላው ሁሉ በፊት ለመምህራን ደመወዝ ይዋል። መምህራን ያልኩት በብዙ ቁጥር ነው፤ አንዱ ቢታመም ወይም ቢሄድ ክፍሉ እንዳይዘጋ ሁለት ይሁኑ። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ከልጆቹ መካከል የበረቱት ሁለቱ ለአዲሶቹ ገቢዎች ረዳት ይሁኑ፤ ትንሽ የኪስ ገንዘብም ይሰጣቸው። ክፍሉ መቆም አለመቆሙ የሚታወቀው በዚያን ጊዜ ነው።

ስለ ወታደሩ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በምሥራቅ አፍሪካ የነሐስ ሙዚቃን ጠብቆ ያቆየው ሠራዊቱ ነው። ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ንጉሠ ነገሥት የመጡት የትንፋሽ መሣሪያዎች ያረፉት በወታደሮች እጅ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ያሠለጠነው የክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል የአዲስ አበባን ሙዚቃ መልክ ለውጧል፤ ጥላሁን ገሠሠ የዘፈነውም በዚሁ ክፍል ውስጥ ነበር። ጌታቸው መኩርያም ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ የጀመረውን ሳክስፎን በኋላ በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫውቶታል። ወታደሩ ሥርዓት ያውቃል፤ መሣሪያ ማጽዳት ያውቃል፤ በሰዓቱ መድረስ ያውቃል። አንድ የሠራዊት ሙዚቀኛ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ቢሰጥ፣ ከመቶ የተለገሰ መለከት ይበልጥ ይጠቅማል። ጅቡቲ ደግሞ የራሷ ጦር ብቻ ሳይሆን የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ወታደሮች የሰፈሩባት ከተማ ናት። ከእነዚህ አንዱ መሣሪያ ልስጥ ብሎ ቢመጣ፣ «እግዜር ይስጥልን፤ መሣሪያውን ከሚጠግን ሰው ጋር ይላኩልን» ማለት ነውር የለውም።

እንግዲህ የሚቀረው የሚጀምር ሰው ነው። ለጊዜው የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፣ አንድ ማራገቢያ፣ ቁልፍ ያለው አንድ ቁም ሣጥን፣ አንድ መዝገብ ነው። ለመምህርነት ከራዲዮው ቤት በጡረታ የተገለለ አንድ የትንፋሽ ተጫዋች፣ ከእርሱ ጋር ኖታ የሚያውቅ አንድ ወጣት ቢገኙ ይበቃል፤ ሁለቱም በከተማው ውስጥ አሉ። ዐሥራ አምስቱ ልጆች ደግሞ ዛሬ ከቀትር በኋላ በየጥላው ሥር ተቀምጠው በጣሳ ላይ ከበሮ ሲመቱ ይገኛሉ። ክፍሉ በጥቅምት መጀመሪያ ቢከፈት መለከት ቢያንስ እስከ ታኅሣሥ ድረስ አያስፈልግም።